በመርከብ ሆድ ሥር የሚነፋ አየር፤ የሚያተርፈው ኃይልና የሚጠይቀው ዋጋ

ብዙ ክብደት ያለውን ዕቃ ወደ ሩቅ አገር ለማድረስ ከመርከብ የረከሰ ማጓጓዣ እስካሁን አልተገኘም። ከዓለም አቀፍ ንግድ በመጠን ሲለካ ከመቶ 80 እጅ ያህሉ የሚጓጓዘው በባሕር ነው። ኢትዮጵያም ከ1993 ጀምሮ የራሷ የባሕር ጠረፍ የሌላት ብትሆንም (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ነዳጁም፣ ማዳበሪያውም፣ ማሽኑም በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ስለሚገባ፣ መርከቦች ለነዳጅ የሚያወጡት ወጪ በዕቃው ዋጋ ላይ እየተደመረ እስከ ገበሬው ደጃፍ ይደርሳል። ከዚህም ሌላ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2020 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በ2018 በሰው ሥራ ምክንያት ወደ አየር ከተለቀቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ ከመቶ 3 እጅ የሚጠጋው ከመርከቦች የወጣ ነበር።

የመርከብ ሞተር የሚደክመው ዕቃውን ለመሸከም አይደለም፤ ሸክሙንስ ውሃው ችሎታል። ሞተሩ የሚደክመው መርከቡን ወደ ኋላ የሚይዘውን የውሃ ኃይል ለማሸነፍ ነው። ይህን ጎታች ኃይል ለመቀነስ ከቀረቡት ሐሳቦች መካከል አንዱ በመርከቡ ሆድ ሥር አየር መንፋት ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ብረቱ ውሃን ከሚነካ ይልቅ አየርን ቢነካ መንሸራተቱ ይቀልለዋል። በእርግጥም በቤተ ሙከራ በተደረጉ ጥናቶች በአየር የተሸፈነ ሳንቃ ላይ የሚያርፈው ሰበቃ ከመቶ 80 እጅ በላይ ሲቀንስ ታይቷል። ነገር ግን ይኸው ዘዴ በባሕር ላይ በሚሠሩ ትላልቅ መርከቦች ላይ ሲተከል የተገኘው ቁጠባ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 4 ወይም 5 እጅ ገደማ ነው። ከ80 ወደ 5 የወረደው በምን ምክንያት ነው? ማብራሪያው በዋናው የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ይሆናል።

ውሃ መርከብን የሚይዝበት መንገድ

በጉዞ ላይ ያለን መርከብ ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል ከምን ከምን እንደሚመጣ በሥርዓት የለየው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ (1810–1879) ነው። ፍሩድ በ1871 ግሬይሃውንድ የተባለችውን የጦር መርከብ አክቲቭ በተባለች ሌላ መርከብ በገመድ አስጎትቶ፣ በገመዱ ላይ ያረፈውን ኃይል በመሣሪያ ለካ። በሚቀጥለው ዓመትም ቶርኪ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ በመኖሪያ ቤቱ አቅራቢያ፣ 85 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የመሞከሪያ ገንዳ በባሕር ኃይሉ ወጪ አሠርቶ ሥራ ጀመረ። በገንዳው ውስጥ ቀጫጭን ሳንቃዎችን በተለያየ ፍጥነት እየጎተተ ይለካ ነበር። አንዳንዶቹን ቫርኒሽ ቀብቷቸዋል፤ ሌሎቹን በሰም፣ በቀጭን የቆርቆሮ ወረቀት፣ በጥጥ ጨርቅ ወይም በአሸዋ ሸፍኗቸዋል። ሳንቃው ቀጭን ስለ ሆነ የሚታይ ሞገድ አያስነሣም፤ ስለዚህ የሚለካው ኃይል ከሞላ ጎደል ሰበቃ ብቻ ነው። ገጹ ሻካራ በሆነ መጠን ጎታቹ ኃይል በብዙ እንደሚጨምር፣ እንዲሁም ሳንቃው በረዘመ ቁጥር በእያንዳንዱ ስንዝር ላይ የሚያርፈው ሰበቃ በጥቂቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ በዚህ መንገድ ታወቀ።

ከእነዚህ ልኬቶች በመነሣት ፍሩድ ጎታቹን ኃይል በሁለት ከፈለው። አንደኛው ውሃው የመርከቡን ገጽ እየታከከ በማለፉ የሚመጣው ሰበቃ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአብዛኛው መርከቡ ውሃውን እየገፋ ሞገድ በማስነሣቱ የሚባክነው ኃይል ነው። የሁለቱ ድርሻ እንደ መርከቡ ዓይነትና እንደ ፍጥነቱ ይለያያል። ነዳጅ፣ እህል ወይም የማዕድን ድንጋይ ጭኖ ዝግ ብሎ በሚሄድ ከባድ መርከብ ላይ ከጠቅላላው ጎታች ኃይል ከመቶ 60 እስከ 80 እጅ የሚሆነው ሰበቃ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ግን የሞገዱ ድርሻ በፍጥነት ያድጋል።

ለሞገዱ ክፍል መርከብ ሠሪዎች መድኃኒት አላቸው፤ ይኸውም የመርከቡን ቅርጽ ማስተካከል ነው። በብዙ መርከቦች ፊት ከውሃው በታች እንደ ዱባ አብጦ የሚታየው አፍንጫ የተሠራው ለዚሁ ነው። ለሰበቃው ግን ቅርጽ ብዙ አያግዝም፤ ምክንያቱም ሰበቃ የሚመነጨው ውሃ ከሚነካው ስፋት ነው፤ መርከብም ስፋት ከሌለው ዕቃ አይዝም። ስለሆነም ለረጅም ዘመን የተሠራበት መድኃኒት ንጽሕና ብቻ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1761 አላርም የተባለችውን መርከብ ሆድ በመዳብ ቆርቆሮ ያለበሰው የባሕር ትልና ቀንድ አውጣ መሰል ተጣባቂ ፍጥረታት እንዳያበላሹት ነው። ዛሬም ልዩ ልዩ ቀለሞች የሚቀቡት በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ሆዱ በተጣባቂዎች የተሸፈነ መርከብ የሚያባክነው ነዳጅ ማናቸውም የአየር መሣሪያ ሊያተርፍ ከሚችለው ይበልጣል። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለ ልኬት ሲነገር እንደገና ያስፈልጋል።

ከብረቱ አጠገብ ያለው ውሃ

ጀርመናዊው ሊቅ ሉድቪሽ ፕራንትል በ1904 እንዳስረዳው፣ ብረቱን በቀጥታ የሚነካው ውሃ በብረቱ ላይ አይንሸራተትም፤ ተጣብቆ ከመርከቡ ጋር ይሄዳል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ስስ ንብር ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሦስተኛው ከዚያ የባሰ ይዘገያል፤ እንዲህ እያለ ከብረቱ ርቆ ያለው ውሃ ጨርሶ ሳይነቃነቅ ይቀራል። መምህሩ ተደራርበው የተቀመጡ ደብተሮችን የላይኛውን በእጁ እየገፋ ቢያሳይ፣ ተማሪዎች ይህን በቀላሉ ይረዱታል። የላይኛው ደብተር ከእጁ ጋር ሲሄድ ከሥር ያሉት እያነሰ በሚሄድ መጠን ይከተላሉ። በመርከቡ የተጎተተው የውሃ ንብር በፊት በኩል ስስ ሲሆን ወደ ኋላ እየወፈረ ይሄዳል፤ 200 ሜትር ርዝመት ባለው መርከብ የኋላ ጫፍ ላይ ውፍረቱ ከ1 ሜትር ይበልጣል።

ደብተሮቹ ግን አንድ ነገር አያሳዩም። በእውነተኛው መርከብ ላይ ንብሮቹ በጸጥታ እየተንሸራተቱ አይሄዱም፤ ውሃው በጥቃቅን አዙሪቶች ይታመሳል። አዙሪቶቹ ከሩቅ ያለውን የቆመ ውሃ ወደ ብረቱ ያመጣሉ፤ በብረቱ የተጎተተውን ደግሞ ወደ ውጭ ይዘውት ይሄዳሉ። መርከቡም በየጊዜው አዲስ የቆመ ውሃ ማስነሣት ግድ ይሆንበታል። ከሰበቃው ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከዚህ ልውውጥ ነው።

አየር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አየር ከውሃ ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ ከ800 አንድ ያህል፣ የመጣበቅ ጠባዩ ደግሞ ከ50 አንድ ያህል ነው። በብረቱ አጠገብ ያለው ውሃ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ድብልቁ ይቀልላል፤ አረፋዎቹም እየተለጠጡና እየተጨመቁ የአዙሪቶቹን ልውውጥ ያውካሉ። አየሩ በቂ ሆኖ አንድ ወጥ ንብር ከሠራ ደግሞ ውሃው ከብረቱ ጨርሶ ይለያል።

ይህን ሥራ የሚያከናውኑት መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አየሩን በጥቃቅን ቀዳዳዎች አሳልፎ በአረፋ መልክ መበተን ነው። ሁለተኛው አየሩን በብዛት በመልቀቅ በሆዱ ሥር እንደ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው። ሦስተኛው የመርከቡን ሆድ ወደ ውስጥ ጎድጎድ አድርጎ በመሥራት ጉድጓዱን በአየር መሙላት ሲሆን፣ በዚህ በኩል ቀድመው የሄዱት የሶቪየት ኅብረት መሐንዲሶች ናቸው፤ በ1960ዎቹ በወንዝ መርከቦች ላይ ሞክረውታል። በ1990ዎቹ ሩሲያ የሠራቻቸው ሴርና የተባሉ የማራገፊያ ጀልባዎችም በዚሁ ዘዴ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። በሦስቱም መንገዶች አየሩ የሚለቀቀው ከጠፍጣፋው ሆድ ሥር ነው። አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ስለሚሸሽ በሆዱ ሥር ተጭኖ ይቆያል፤ በጎንና በጎን ቢለቀቅ ግን ሥራውን ሳይሠራ ወደ ላይ ወጥቶ ይጠፋል።

ዘዴው በፍጥረት ዓለምም አለ። የደቡብ ዋልታ ትልቁ ፔንግዊን በላባው ውስጥ አየር አምቆ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ሲመለስ አየሩ እየሰፋ በጥቃቅን አረፋ መልክ ከላባው ይወጣና ሰውነቱን ይሸፍነዋል። ወፉ ከውሃው ወጥቶ በበረዶው ላይ ለመዝለል የሚያስችለውን ፍጥነት የሚያገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን በ2011 የታተመ ጥናት ገልጿል። ፔንግዊኑ አየሩን ከላይ ይዞት ስለሚወርድ በጥልቁ ውስጥ መጭመቂያ አያስፈልገውም፤ መርከብ ግን ይህ ዕድል የለውም።

የቤተ ሙከራው ውጤት

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የወተት ክሬም መለያ መሣሪያን በመፍጠር የሚታወቀው ስዊድናዊው መሐንዲስ ጉስታቭ ደ ላቫል በ1880ዎቹ ለመርከብ አስቦት ነበር። ሆኖም ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ፍሬ ሳይሰጥ ቆየ። በ1973 በአሜሪካ ማኮርሚክና ባታቻርያ የተባሉ ተመራማሪዎች ውሃውን በኤሌክትሪክ ከፋፍለው ባገኙት የሃይድሮጅን አረፋ የአንድን አምሳያ ጎታች ኃይል መቀነስ ቻሉ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በሶቪየት ኅብረት የኖቮሲቢርስክ ተመራማሪዎች አየርን በጥቃቅን ቀዳዳዎች እያስገቡ ሰፊ ልኬት አካሄዱ። በ1984 ደግሞ የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በውሃ መተላለፊያ ቱቦ ውስጥ ባደረጉት ሙከራ፣ ከአየሩ መውጫ አጠገብ ያለው ሰበቃ ከመቶ 80 እጅ በላይ መቀነሱን አስታወቁ። ይህ ቁጥር በመላው ዓለም ተጠቀሰ፤ ብዙ ተስፋም አስከተለ።

ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን የተለካው በትንሽ ሳንቃ ላይ፣ ከአየሩ መውጫ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ጥያቄው አየሩ ከወጣበት ቦታ 50 ወይም 100 ሜትር ርቆ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ለማግኘት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሜምፊስ ከተማ በሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግዙፍ የውሃ መተላለፊያ ውስጥ 13 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ሙከራ አደረጉ። በ2006 እና በ2008 የታተሙት ውጤቶቻቸው ለጉዳዩ ቁልፍ ናቸው። አረፋ በሚለቀቅበት ጊዜ ሰበቃው በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከጥቂት ሜትሮች በኋላ አረፋዎቹ ከብረቱ ይርቃሉ፤ በአረፋውና በብረቱ መካከል ንጹሕ ውሃ ይገባል፤ ጥቅሙም ይጠፋል። አየሩ እየጨመረ ሲሄድ ግን፣ ከተወሰነ መጠን በላይ በሆነ ጊዜ ነገሩ በድንገት ይለወጣል። አረፋዎቹ ተገጣጥመው አንድ ወጥ ንብር ይሠራሉ፤ ሰበቃውም በሳንቃው ርዝመት ሁሉ ከመቶ 80 እጅ በላይ ይወርዳል። የሚፈለገው የአየር መጠን ደግሞ ፍጥነቱ ሲጨምር በብዙ ያድጋል። በሌላ አነጋገር፣ በጥቂት አየር ሙሉ ጥቅም አይገኝም፤ ሙሉ ጥቅም የሚፈልግም ብዙ አየር መግዛት አለበት።

በጃፓንም የባሕር ጥናት ተቋም 400 ሜትር ርዝመት ባለው ገንዳ ውስጥ 50 ሜትር የሚረዝም ጠፍጣፋ ታንኳ በመጎተት፣ የአየሩ ጥቅም ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እንዴት እንደሚደክም ለክቷል።

ሒሳቡ

አሁን የቤተ ሙከራው ቁጥር ወደ መርከብ ሲተላለፍ የሚደርስበትን በምሳሌ መከተል ይቻላል። ምሳሌው የታሰበ እንጂ የአንድ የታወቀ መርከብ መዝገብ አይደለም፤ መጠኖቹ ግን ለእውነቱ የቀረቡ ናቸው። መርከቡ 200 ሜትር ርዝመትና ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ወርድ አለው እንበል፤ በሴኮንድ 7 ሜትር፣ ማለት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ሆዱ ከውሃው ገጽ 10 ሜትር ዝቅ ብሏል፤ ሞተሩም 6,000 ኪሎዋት ያወጣል።

ከጎታቹ ኃይል ከመቶ 65 እጅ ሰበቃ ቢሆን፣ ገና ከመጀመሪያው ከመቶ 35 እጅ የሚሆነው አየር የማይነካው ነው። ውሃ ከሚነካው ገጽ ደግሞ ጠፍጣፋው ሆድ ከመቶ 45 እጅ ያህል ቢሆን፣ አየሩ ሊሠራበት የሚችለው ድርሻ የ65 ከመቶ 45 እጅ፣ ማለት ከጠቅላላው ከመቶ 29 እጅ ብቻ ነው። በዚህ ክፍል ላይ አየሩ በሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም፤ መርከቡ ሲንገዋለል በጎን ያመልጣል፤ ወደ ኋላም ይሳሳል። በአማካይ ሰበቃውን በአንድ ሦስተኛ ቀነሰው ቢባል፣ የሚገኘው ከመቶ 10 እጅ ወይም 600 ኪሎዋት ነው። እንግዲህ 80 የነበረው ገና የአየሩ ዋጋ ሳይከፈል ወደ 10 ወርዷል።

ቀጥሎ የአየሩ ዋጋ ይመጣል። በ10 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት በባሕር ገጽ ላይ ካለው የአየር ግፊት እጥፍ፣ ማለት 200 ኪሎፓስካል ያህል ነው። አየሩ ከዚህ ባነሰ ግፊት ቢላክ ከመርከቡ ሊወጣ አይችልም። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአየር ምንጣፍ በ30 ሜትር ወርድ ላይ በሴኮንድ 7 ሜትር ቢዘረጋ፣ በሴኮንድ 0.84 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል። ይህን አየር ለመጭመቅ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ኃይል የሚገኘው ግፊቱን በአየሩ መጠን፣ ውጤቱንም በሁለቱ ግፊቶች ንጽጽር የተፈጥሮ ሎጋሪዝም በማባዛት ነው። 200 በ0.84፣ በ0.693 ሲባዛ 116 ኪሎዋት ይሆናል። የመጭመቂያው ብቃት ከመቶ 60 እጅ ቢሆን የሚፈጀው 194 ኪሎዋት ነው። ከ600 ላይ ይህ ሲቀነስ 406 ኪሎዋት ይተርፋል፤ ከመቶ 7 እጅ አይሞላም። በአንድ ቀንና ሌሊት ጉዞ ከ1.5 ቶን በላይ ነዳጅ ስለሚያተርፍ ግን የሚናቅ አይደለም።

ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ የመርከቡ ሆድ 20 ሜትር ዝቅ ያለ ቢሆንስ? ግፊቱ 300 ኪሎፓስካል ይሆናል፤ 300 በ0.84፣ በ1.099 ሲባዛ 277፣ በብቃቱ ሲካፈል 461 ኪሎዋት ይመጣል። ከ600ው የሚተርፈው 139 ኪሎዋት፣ ማለት ከመቶ 2 እጅ ጥቂት በላይ ነው። ዘዴው ሰፊና ጠፍጣፋ ሆድ ኖሯቸው ጥልቀት የማይገቡ መርከቦችን የሚያዳላው ለዚህ ነው። ከሐሳቡ ውበት ይልቅ ዕድሉን የወሰነው የውሃው ጥልቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በባሕር ላይ የታየው

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሴይዩን ማሩ በተባለችው የጃፓን የማሠልጠኛ መርከብ ላይ በአረፋ የተደረገው ሙከራ ያስገኘው ቁጠባ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነበር። በቋሚነት የተተከለ መሣሪያ ይዘው ሥራ የጀመሩት ሚትሱቢሺ በ2010 የሠራቸው ያማታይና ያማቶ የተባሉት ጭነት መርከቦች ናቸው። ሁለቱም ግዙፍ የፋብሪካ ክፍሎችን ለመጫን የተሠሩ፣ ሆዳቸው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ወደ ውሃው ብዙ የማይጠልቁ ስለሆኑ ለዘዴው የተመቹ ነበሩ፤ ሠሪው በባሕር ሙከራ እስከ ከመቶ 12 እጅ የሚደርስ ቁጠባ መገኘቱን ገልጿል። በ2014 አማሊየንቦርግ በተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ የተደረገውና በገለልተኛ መርማሪ የተረጋገጠው ልኬት ግን ከመቶ 4 እጅ ገደማ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ኳንተም ኦፍ ዘ ሲስ (2014) እና አይዳፕሪማ (2016) በመሳሰሉ ትላልቅ የመንገደኛ መርከቦች ላይም ተተክሏል።

ለጥልቀቱ ችግር ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ አየሩን እንደገና ከመጭመቅ ይልቅ ለዋናው ሞተር ከተጨመቀው አየር ላይ ትርፉን መውሰድ ነው። በ2012 ሥራ የጀመረችው ሶዮ የተባለችው የድንጋይ ከሰል ጫኝ መርከብ በዚህ መንገድ ተሠርታለች።

አየሩ ችግርም ያመጣል። ወደ ኋላ ተጉዞ ፕሮፔለሩ ውስጥ ከገባ የመግፋት ኃይሉን ይቀንሳል። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ውሃ በሚስቡት ቀዳዳዎች ከገባ ፓምፖቹን ያውካል፤ የባሕሩን ጥልቀት በድምፅ የሚለካውን መሣሪያም ያደነቁረዋል። በዚህ ምክንያት የአየሩን መውጫ የት ማድረግ እንደሚገባ መወሰን ለእያንዳንዱ የመርከብ ዓይነት ለብቻው የሚጠና ሥራ ነው።

ቁጠባን መለካት

ከመቶ 4 እጅ ቁጠባ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ግልጽ ነው፤ በባሕር ላይ ግን በቀላሉ አይታይም። ነፋስ፣ ሞገድና የባሕር ወራጅ በየሰዓቱ የመርከቡን የነዳጅ ፍጆታ ከዚህ በላይ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። መሣሪያው በአሮጌ መርከብ ላይ የሚተከለው መርከቡ ለጥገና ከውሃ በወጣ ጊዜ ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ ሆዱ ይፋቃል፤ አዲስ ቀለምም ይቀባል። ከጥገናው በፊትና በኋላ ያለው የነዳጅ መዝገብ ብቻ ከተነጻጸረ ቀለሙ ላተረፈው አየሩ ይመሰገናል። የሚታመነው ልኬት መርከቡ በአንድ ፍጥነትና በአንድ አቅጣጫ ሲጓዝ አየሩን እየከፈቱና እየዘጉ፣ በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚተላለፈውን ኃይል በዚያው ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ በማነጻጸር የሚገኘው ነው። መጭመቂያው የሚፈጀው ኃይል ተቀንሶለት እንደ ሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ የአየር ዘዴውን ለአዲስ መርከብ የነዳጅ ብቃት ስሌት ሲቀበል፣ የመጭመቂያው ፍጆታ እንዲቀነስ ያዘዘው ያልተጣራውና የተጣራው ቁጥር እንዳይምታታ ነው።

በክፍል ውስጥ

ከጉዳዩ ውስጥ በትምህርት ቤት አቅም በቀላሉ የሚታየው የጥልቀቱ ዋጋ ነው። አንድ በርሜል ውሃና ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃሉ። በቱቦው ላይ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ይደረጋል፤ ተማሪው የቱቦውን አንድ ጫፍ ወደ ውሃው እያወረደ በሌላው ይነፋል። በ20 ሳንቲ ሜትር አረፋው ያለ ችግር ይወጣል፤ 80 ላይ ሲደርስ ብዙዎቹ ያቅታቸዋል። ከዚያ የ1 ሜትር ውሃ ግፊት ከአየር ግፊት አንድ አሥረኛ ያህል መሆኑን ማስላት ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የተመቸ ሥራ ነው። የፍሩድን ሙከራም በረጅም ገንዳ ውስጥ ማሳየት ይቻላል። እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ቀጫጭን ሳንቃዎች፣ አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው አሸዋ የተለጠፈበት፣ በገንዳው ጫፍ በተንጠለጠለ ክብደት በክር ይጎተቱና የሚወስዱት ጊዜ ይለካል።

አየር የሚነፋበት ትንሽ የመርከብ አምሳያ መሥራት ግን አይመከርም፤ ወይም ቢሠራ ውጤቱ ወደ ትልቁ መርከብ መተላለፍ የለበትም። 3 ሚሊ ሜትር የሆነ አረፋ 30 ሳንቲ ሜትር ከሚረዝም አምሳያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትልቅ ነው፤ በዚህ መጠን ላይ የውሃው ገጽ ውጥረት ያይላል፤ በአምሳያው አጠገብ ያለው ፍሰትም አብዛኛውን ጊዜ አይታመስም። በመሆኑም አምሳያው ሊፈጥንም ሊዘገይም ይችላል። ከፍ ላሉት ክፍሎች የሚሻለው ከላይ የታየውን ሒሳብ መርከቡ 15 ሜትር ሲጠልቅ እንደገና እንዲሠሩት ማድረግ ነው። ግፊቱ 250 ኪሎፓስካል፣ የመጭመቂያው ፍጆታ 321 ኪሎዋት፣ የተጣራው ቁጠባም ከ280 ኪሎዋት ጥቂት ያነሰ ሆኖ ይገኛል።